የኪሮስ ቀይ ሞተር

ባለፈው የጾም ሰሞን ከጓሮዬ የወጣ ጭስ ሰፈሩን ሁሉ አስነጠሰ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ጋሽ ዘውዱ፣ ምን እያቃጠሉ ነው?» ብትለኝ «ቆሻሻ ነው» አልኋት። ዋሸሁ። ጡረታ ወጥቼ፣ ጸጉሬ ነጭ ሆኖ፣ ለጎረቤት መዋሸት ጀመርሁ። የተቃጠለው ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለ የሞተር ዘይት ነበር። ዛሬ መንገዱን የሞሉት ሞተር ሳይክሎች ዘይታቸውና ቤንዚናቸው ለየብቻ ስለሆነ እንዲህ አያጨሱም፤ የድሮዎቹ ናቸው ሁለቱን አንድ ላይ ጠጥተው ሰማያዊ ጭስ የሚተፉት። ያን ሽታ ካሸተትሁ ዘመን ሆኖኛል። ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ አልሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርሁ። ያ ሽታ ለእኔ ወጣትነቴ ነው፤ ለጓደኛዬ ለኪሮስ ግን የግራ እግሩ ነው።

ሰቆጣ የመጣሁት በግብርና መሥሪያ ቤት መካኒክ ሆኜ ተመድቤ ነው፤ ከደብረ ታቦር፣ አንድ የእንጨት ሣጥንና የራሴን መፍቻዎች ይዤ። ያኔ ተመድቦ የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ «ለሁለት ዓመት ነው» እያለ ይመጣል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር፤ ይኸው እዚሁ አርጅቻለሁ። በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠን ስንገባ ከአቧራው የተነሣ ሁላችንም አንድ መልክ ነበረን። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የድንጋይ ቤቶች፣ ቁልቁል የሚወርዱ ጠባብ መንገዶች፣ የድሮው መናኸሪያ ማዕዘን ላይ ሻይ በስሙኒ የሚሸጥ ቤት። ብርጭቆው ያንሳል፤ ስኳሩ ግን እስከ ግማሽ ነው። ባለቤትየዋ አንድ ካሴት ብቻ ስላላት ጠዋትም ማታም ያንኑ ዘፈን ነበር የምንሰማው፤ ክሩ ላልቶ ዘፋኙ በስተመጨረሻ እያንቀላፋ የሚዘፍን ይመስል ነበር፤ እኛም እንደዚያው እያጎተትን አብረን እንዘፍን ነበር። ከታች የሰፋ ቴትሮን ሱሪ እንለብሳለን። አዲስ አበባ አውልቆ ከጣለው በኋላ ነው ፋሽኑ እኛ ዘንድ የደረሰ፤ ቢሆንም ሱሪዬን በየማታው ከፍራሽ ሥር አስተኝቼ ነበር የምተኩሰው። አሁን በዚያ ማዕዘን ሳልፍ የሻይ ቤቱ ቦታ ላይ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ልጁ «ፋዘር፣ ምን ልስጥዎ?» ይለኛል። ምን ይሰጠኛል ብላችሁ ነው።

ኪሮስን የተዋወቅሁት እዚያ ሻይ ቤት ነው። የአበርገሌ ልጅ ነው፤ ከቆላ የወጣ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ አማርኛውን ከአገሩ ቋንቋ ከኽምጣና ጋር እያደባለቀ የሚናገር። የወባ መከላከያ ሞተረኛ ነበር። ሌሎቻችን በእግር አንድ ቀን የምንሄደውን እሱ በሞተር ጠዋት ሄዶ ለምሳ ይመለሳል። የከተማው ሰው ጌታን በፈረሱ ስም እንደሚጠራው ሁሉ ለኪሮስም የፈረስ ስም አወጣለት፦ «አባ ፈርጥጥ»። በመንገድ ሲያልፍ ሽማግሌው ሳይቀር «አባ ፈርጥጥ፣ ቀስ!» ይለዋል። እሱም አንድ እጁን ለቆ ይስቃል። እኔ ሞተሩን እሠራለሁ፣ እሱ ይነዳል። ብሎን የት እንደላላ ከመንዳቱ ነው የሚነግረኝ፤ «ዘውዱ፣ ታፋዬ ሥር አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል» ሲል ፈትቼ አየዋለሁ፤ እውነትም ይሆናል። እንዲህ ያለ ጓደኝነት ሚስትም አትሰጥህም፣ እንላለን ስንቀልድ።

ቀዩ ሞተር የመጣው ከአንድ ፈረንጅ ጋር ነው። የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ መሐንዲስ፣ ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ፣ ለአስፋልት ውድድር የተሠራ ሞተር ወደ ዋግ ይዞ መጣ። ወገቡ ዝቅ ያለ፣ መሪው ወደ ታች የተደፋ፣ ነጂው ሆዱን በቤንዚን ማጠራቀሚያው ላይ አስተኝቶ የሚነዳው ዓይነት። ሕዝቡ «ይህ የሚጋለበው ተተኝቶ ነው ወይስ ተቀምጦ?» ብሎ ተገረመ። በእኛ ድንጋይ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ከወጣበት በኋላ ፈረንጁ ተስፋ ቆረጠ፤ ሥራው አልቆ ሲሄድ ቁልፉን ለኪሮስ ሰጠው። በሰው ፊት ነው የሰጠው፤ ሞተሩ የኪሮስ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገርበት ምክንያት አለኝ።

አንድ በዓል ሲደርስ የየመሥሪያ ቤቱ ሞተረኞች ወደ ተከዜ በኩል፣ አበርገሌ ቆላ ላይ፣ ደርቆ በጠነከረ ሜዳ ውድድር እናድርግ አሉ። ድንጋይ በኖራ ቀብተው ዙሩን ከለሉ። እኛም ቀዩን ሞተር ለዙር ማዘጋጀት ያዝን። እንዴት ያለ ሥራ ነበር! መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ መስተዋቱን፣ የኋላ ወንበሩን፣ ለዙር የማይጠቅመውን ሁሉ አውልቀን ቀለል አደረግነው። የኋላውን ሞላ በኪሮስ ክብደት አጠበቅሁት። ቶሎ እንዲነሣ ካቴናውን የሚያዞረውን የፊት ጥርሳማ ጎማ አንድ ጥርስ ባነሰ ለወጥሁት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ካርቡራተሩ ነው። ውስጡ ቤንዚን የምታሳልፍ ትንሽ ቀዳዳ ያላት የናስ ብሎን አለች፤ ጄት እንላታለን። ሰቆጣ ደጋ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለ ጄት ካልገባ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ይታፈናል። ፈልጌ፣ ሞክሬ፣ ለሰቆጣ አየር ልክ የሆነችውን ገጠምሁ። ሞተሩ ከተማውን አናወጠው። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ቆላ ስንወርድ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ከባድ። በወፍራም አየር ያቺ ጠባብ ጄት ሞተሩን ታስጠማዋለች፤ የተጠማ ሞተር ደግሞ ይግላል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል፣ «ነከሰ» እንላለን። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? የተጠማ ሞተር ከመንከሱ በፊት ከምንጊዜውም ይልቅ ያምርበታል። ድምፁ ይጠራል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ኪሮስ አንድ ዙር ዞሮ መጣና «ዛሬ ይበርራል፣ እጅህ ይባረክ» አለኝ። እኔም የእጄ ሥራ መሰለኝ። ሌላይቱ፣ ሰፊዋ ጄት ሣጥኔ ውስጥ ነበረች። አላወጣኋትም። ውድድሩ ተጀመረ፣ ኪሮስ ሁሉንም ጥሎ ሄደ፣ ሩቅ ማዶ መዞሪያው ላይ ሞተሩ ነከሰና የኋላው ጎማ ቆመ። ጎማው ሲቆም ሞተሩ ተወረወረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላወራም። በቃሬዛ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ተወሰደ፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ሆስፒታል ሄጄ አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። «እኔ ነኝ» አልሁት፤ ስለ ጄቷም ነገርሁት። ኪሮስ ራሴን ዳበሰኝና «ተው እንጂ፣ እግዜር ይቅር ይበልህ፣ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። ዘመዶቹም «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብለው አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የተሰደበ ሰው ተሰድቤያለሁ ብሎ ይተኛል፤ ይቅር የተባለ ሰው ግን የት ይሂድ?

ከዚያ በኋላ ነው ይሉኝታ የሚባለው ነገር የገባብን። ማንም አላወጀውም፤ ኪሮስ ባለበት ስለ ሞተር አይወራም። ሞተረኞቹ ተሰብስበው ስለ ጎማ ሲከራከሩ እሱ በክራንቹ ብቅ ሲል ወሬው ይቆምና አንዱ «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይላል። «አባ ፈርጥጥ» የሚለው ስም ከሰው አፍ ጠፋ። የእኔ ከሁሉ የባሰ ነበር። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ቤንዚን እንዳይሸተው እጄን በአመድና በሎሚ እፈትግ ነበር፤ ጣቶቼ እስኪሰነጣጠቁ። እሱ ወባ መከላከያን ለቆ የድሮው መናኸሪያ አጠገብ ማር መሸጥ ጀመረ፤ የዋግ ነጭ ማር፣ ምን ይወጣለታል። እዚያ ተቀምጠን ስለ ንብ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራለን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ማሰሮ እያሸገ «ለመሆኑ ያ ቀይ ሞተር የት ደረሰ?» አለኝ። «ለቁርጥራጭ ብረት ሸጥነው» አልሁት። «ደግ አደረጋችሁ» አለና ማሸጉን ቀጠለ። አልሸጥነውም ነበር። ከአበርገሌ አስመጥቼ ጓሮዬ ጎተራ ውስጥ በሸራ ጠቅልዬ፣ ድርቆሽ ከምሬበት ነበር። ለመጣል እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ለማሳየትም ፊት አጣሁ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ ከየቤቱ ዕቃ ሲወሰድ እንኳ እሱ ተረፈ፤ ድርቆሽ ማን ይዘርፋል።

ኪሮስ አንዲት ልጅ አለችው፣ ትርሃስ። የእንስሳት ሐኪም ሆና አምደወርቅ ተመድባለች። ለሥራዋ የመሥሪያ ቤት ሞተር ተሰጥቷታል፤ በየገጠሩ ከብት ልትከትብ በዚያ ነው የምትሄደው። ወላጆቿን ልታይ ሰቆጣ ስትመጣ ሞተሯን እኔ ግቢ አቁማ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ተናግራ አታውቅም። እንዲህ ስናደርግ ዓመታት ነጎዱ። ባለፈው ክረምት ሞተሯ በዝናብ እንዳይመታባት ወደ ጎተራው ልታስገባ ብላ ድርቆሹን ገፋ ስታደርግ ሸራው ተገለጠ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ቀዩ ቀለም ብቅ ሲል ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ይህ የአባዬ ነው?»

ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝ። «የአባትሽ ነው» አልኋት።

ዙሪያውን ዞረች፤ መሪውን ያዘች፤ ቁጭ አለችበት። ኮምቦልቻ አካባቢ ሞተር የሚወዱ ወጣቶች ገና ያልተከፈተ የአስፋልት መንገድ ለቀን ያህል አስፈቅደው ዙር እንደሚነዱ፣ አሮጌ የውድድር ሞተር ያለው ሰው እንደ ንጉሥ እንደሚታይ ነገረችኝ። «አንድ ቀን ብቻ፣ በተዘጋ መንገድ፣ በሙሉ የመከላከያ ልብስ» አለች። እንቢ አልሁ። ሳምንት ጠብቃ ተመለሰች። ደግሜ እንቢ አልሁ። ሦስተኛ ስትመጣ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ መፍቻዬ እጄ ላይ ነበር።

«ግን አባዬ እንዳይሰማ» አለችኝ። «ይከፋዋል።»

«እንዴት ብሎ ይሰማል» አልኋት። ተስማማን። ሁለታችንም ለእሱ ማሰባችን ነበር።

የሠራሁትን ብነግራችሁ ዘንግቼ እንደገና ደስ ይለኛል፤ ኃጢአቱም እሱ ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ፈታሁት። የሲሊንደሩን ውስጥ በማሽን አስፍቼ፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ የምንለውን ቀለበቱን ከአዲስ አበባ በሹፌር አስላክሁ። ጎማዎቹ አርጅተው እንደ ቀንድ ደርቀው ነበር፤ ለአስፋልት የሚሆን ለስላሳ ጎማ ተፈልጎ እስኪመጣ ወር አለፈ። የፍሬኑን ዘይት ለወጥሁ፤ ፍሬኑ ሲጨበጥ ያረጀው የጎማ ቱቦ ያብጥ ስለነበር እሱንም ለወጥሁት። የፊት ሾኩን ዘይት ወፈር አደረግሁ። መብራትና መስተዋቱ ያኔውኑ ወልቋል። ዘይት የሚፈስበት ብሎን መንገድ ላይ ተፈትቶ ሌላውን ነጂ እንዳያንሸራትት በሽቦ አሰርሁት። ትርሃስ ከአባቷ ቀላል ናት፤ እሷን አስቀምጬ የኋላው ስንት ጣት እንደሚወርድ እየለካሁ ሞላውን አላላሁ። ጄቷንስ? ኮምቦልቻ ከሰቆጣ ዝቅ ይላል። ሰፊዋን ጄት ገጠምሁ፤ ካንዴላውን እያወጣሁ ቀለሙን አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። ሰቆጣ ላይ እያስነጠሰ፣ እያጨሰ፣ ይታፈን ነበር። ይታፈን፤ እዚያ ሲወርድ ይስተካከላል። አስነጠሰ ያልኋችሁ ጭስ ያ ነው። በዚያ ሁሉ ሰሞን ከሰዓት በኋላ እጄን ፈትጌ ኪሮስ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ስለ ማር እናወራለን። «ሰሞኑን ፊትህ በርቷል፤ ምን አገኘህ?» አለኝ አንድ ቀን። «ምን አገኛለሁ፣ እንዲያው ነው» አልሁት። ከዚያ ወደ ቤቴ ስመለስ ራሴን መስደብ ጀመርሁ። ሰውየውን እግሩን አሳጥተህ፣ በልጁ ደግሞ ትደሰታለህ፣ አልሁ።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ትርሃስ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ላይ ተቀምጣ ጠየቀችኝ። «ጋሽ ዘውዱ፣ ሞተር ሊነክስ ሲል ነጂው ያውቃል? የሆነ ምልክት አለው?»

«አይነክስም። ሰፊ ጄት ነው ያገባሁት።»

«ቢሆንስ?»

እኔ ሞተር ሠሪ ነኝ፤ ከውጭ ቆሜ ነው የሰማሁት፣ ከሩቅ። ሲነክስ በላዩ የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው። ያን ሰው ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት «ምን ሆነ? ምን ሰማህ?» ብዬው አላውቅም። ቁስሉን እንዳልነካ ብዬ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኋትና ሰደድኋት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ብነግረው ልጁን ይከለክላል፣ እኔንም አያየኝም። ባልነግረው ደግሞ ልጅቱ ምልክቱን ሳታውቅ ትሄዳለች። የሄደችበት ብትቀርስ? አንዱን እግር ወስጄ ልጁን ልጨምር ነው?

ጠዋት ማር ቤቱ ሄድሁ። እጄን አልታጠብሁም። ኪሮስ ሰፌድ ላይ የማር እንጀራ እየለየ ነበር።

«ኪሮስ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አልሁት።

«በአንድ እርግጫ ነው የሚነሣ ወይስ አሁንም ያስቸግራል?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ምኑ?»

«እንግዲህ አታድክመኝ። ነፋሱ ከአንተ ቤት ወደ እኔ ቤት ነው የሚነፍሰው። ያን ድምፅ እኔ አላውቀውም? ከጀመራችሁበት ቀን ጀምሮ እሰማለሁ። ትናንት ከሰዓት ቤንዚን በዝቶበት ነበር፤ ሰፊ ጄት አስገብተሃል።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። «ለምን ዝም አልህ?» አልሁት።

«እኔ?» አለ። ያኔ ቀና አለ። ኪሮስ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ነው የሚል። «ለቁርጥራጭ ብረት ሸጥነው አላልኸኝም? ደግ አደረጋችሁ አልሁህ፤ ማታ ግን አለቀስሁ። ለሚስቴም አልነገርኋትም።»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁሉም እንዳይከፋኝ ብሎ ነው። ልጄ ሞተሯን አንተ ቤት ደብቃ ጸጉሯ በራስ ቁር ተጨማዶ ትገባለች፤ እንዳላየ እሆናለሁ። ጓደኞቼ ስገባ ስለ ዝናብ ያወሩኛል። ስለ ዝናብ! እኔ ገበሬ ነኝ? አንድም ቀን አንድ ሰው፣ አንድ፣ ጎማህን ምን ያህል ትነፋው ነበር ብሎ አልጠየቀኝም። አንተ እንኳ። ስማኝ ዘውዱ፤ እግሬን ሞተሩ ወሰደው። ሞተር ነው፤ አያውቅም። ሞተሩን የወሰድህብኝ ግን አንተ ነህ።»

እንባዬ መጣ፤ እሱ ግን አላየኝም፣ ተመልሶ ማሩን እየለየ ነው። የመጣሁበትን ጠየቅሁት፤ «ሊነክስ ሲል ምን ይሰማል?»

እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገ። ከዚያ ተናገረ፣ ትናንት የሆነ ይመስል ነበር። «መጀመሪያ ይጣፍጥሃል። ከዚያ ድምፁ ይቀጥናል፤ ትንኝ ጆሮህ ሥር ስትዞር እንደምትጮኸው። ቀጥሎ አንድ ሰው ከኋላ ሸሚዝህን ይዞ የሚጎትትህ ይመስልሃል፤ ጋዙ ሳይቀነስ ሞተሯ ትለዝባለች። እዚያች ላይ ነው ፍሪሲዮኑን መጨበጥ፤ ሞተሩ ከጎማው ከተለያየ ጎማው ይሽከረከራል፣ አትወድቅም። ሁለት ጣት ሁልጊዜ ፍሪሲዮኑ ላይ። እኔ የዚያን ዕለት ጣቶቼ መሪው ላይ ነበሩ። ምን ነካት ብዬ ጋዝ ጨመርሁላት።»

«ጋዝ ጨመርህ?»

«ጨመርሁ።»

«ይህን ለማንም ተናግረህ አታውቅም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለኝ።

ክራንቹን አነሣና ሱቁን ዘጋ። ከእኔ ቀድሞ ነው ቁልቁለቱን የወረደው። ትርሃስ ግቢዬ ውስጥ ካቴናውን ዘይት ስትቀባ አባቷን ስታይ ጨርቁን ከኋላዋ ደበቀች፤ ምስኪን፣ ያን የሚያህል ሞተር ፊቷ ተገትሮ። ኪሮስ አልተቆጣትም። ሰላም እንኳ አላላትም። በሞተሩ ዙሪያ ዞረ፣ ቤንዚን ማጠራቀሚያውን በመዳፉ ዳበሰው፣ ከዚያ «ውጪበት» አላት። ወጣች። «ግራ እጅሽን አምጪ።» ሁለት ጣቷን ይዞ ፍሪሲዮኑ ላይ አስቀመጠ። እንድትጨብጥ፣ እንድትለቅ፣ ደግሞ እንድትጨብጥ አደረጋት፤ ትንኟን በአፉ አሰማት፤ ሸሚዟን ከኋላ ይዞ ጎተተና «ይህ ሲሰማሽ» አላት። ከሰዓት እስኪሆን አልለቀቃትም። እኔ ካቻቢቴ ይዤ ጥግ ቆሜ ነበር። ማንም አልጠራኝም፤ መጠራትም አይገባኝም ነበር።

ሲጨርሱ እስከ መንገዱ ሸኘሁት። «ይቅር በለኝ» አልሁት።

ቆመ። «እግሩን ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ይህኛውን ግን አስብበታለሁ» አለና ዳገቱን ወጣ።

ትርሃስ ሞተሩን በፒክአፕ አስጭና ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። በዙሩ ቀን እኩሌታ ሙቀቱ ሲበረታ፣ እኔ በደንብ አየሁት ብዬ ያለፍሁት የካርቡራተሩ አሮጌ የጎማ አንገት ተሰንጥቆ አየር መሳብ ጀመረ። ይህን በኋላ ስፈታው ነው ያየሁት። ሰፊዋ ጄት አልበቃችም። መዞሪያው ላይ ስትገባ ድምፁ ቀጠነ፣ ከኋላዋ የሚጎትታት ነገር መጣ። ጨበጠች። ሞተሩ ነከሰ፣ ጎማው ግን ዞረ፤ ተንሸራትታ ሣር ላይ ወጥታ ቆመች፤ በሁለት እግሯ። ስልክ የደወለችው ለአባቷ ነው። እኔ የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው፣ ማር ቤቱ ውስጥ፣ እየሳቀም እያለቀሰም ሲነግረኝ። ሳልነግረው አንድ ሳምንት ብቆይ ኖሮ እያልሁ ይኸው እስካሁን ሌሊት እነቃለሁ።

አሁን ትርሃስ ስትመጣ ሞተሯን እያስጓራች ዳገቱን ትወጣለች፤ አባቷ በር ላይ ቆሞ ይሰማታል፣ «ካቴናሽ ላልቷል» ይላታል ገና ሳትወርድ። ቀዩም ከእሱ ግቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጎማ እንከራከራለን፣ ስለ ዘይት እንጨቃጨቃለን፤ አንዳንዴም እስከ መሰዳደብ። ዝናብ የሚባል ነገር ከአፋችን ጠፋ። ባለፈው ሰኞ ደስ ባለው ሰዓት አገኘሁትና ድፍረት ተሰማኝ።

«ኪሮስ፣ ያ ነገርስ?» አልሁት።

«የቱ?»

«አስብበታለሁ ያልኸኝ።»

ማሰሮውን አስቀመጠና አየኝ። «እያሰብሁበት ነው» አለኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያልህ ሰው፣ አሁን ምን አስቸኮለህ?»